የወይራ አመድ ለግንባታ፦ ሲሚንቶ ውስጥ፣ ጡብ ውስጥ ወይስ መንገድ ሥር?

100 ኪሎ የወይራ ፍሬ ተጨምቆ የሚገኘው ዘይት 20 ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው አተላ ነው። ቆዳው፣ ሥጋው፣ ጠንካራው ዘርና ውሃው አንድ ላይ የተላቆጡበት ጥቁር ጭቃ በሉት። ደቡብ ስፔን ውስጥ ይህ ጭቃ በየዓመቱ በሚሊዮን ቶን ይወጣል። ሃኤን የምትባለው አውራጃ ብቻዋን ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አላት። ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ኮረብታው ሁሉ በመስመር የተተከለ ወይራ ነው።

አተላው ይደርቃል። ውስጡ የቀረችው ጥቂት ዘይት ሄክሴን በሚባል ዘይት አሟሚ ፈሳሽ ታጥባ ትወጣለች። ከዚያ የሚተርፈው ደረቅ ነገር ጥሩ ማገዶ ነው። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ያነዱታል፣ የዘይት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያነዱታል፣ ጡብ ተኳሾችም ያነዱታል። ማገዶ ባለበት ደግሞ አመድ አለ።

እኛ ዘንድ ውለታው ከንቱ የቀረበት ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል። አመድ ማለት ምንም ማለት ነው። ስለ አረንጓዴ ግንባታ የሚጻፈውን ስታነቡ ደግሞ ተቃራኒውን ታገኛላችሁ፤ አመድ ሁሉ ሲሚንቶን የሚተካ ይመስላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ስህተት ነው። የወይራ አመድ በጣም የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ቤት የሚሰነጥቅበት ቦታም አለ። ይህን የሚወስነው ውስጡ ያለው ፖታሲየም ነው። ከዚህ በታች አማራጮቹን አንድ በአንድ የማያቸው በዚህ መነጽር ነው።

መጀመሪያ አመዱን እወቁት

አንድ ነገር ላጥራ። አገር ቤት ወይራ ስንል የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የምናጥንበትን እንጨት ነው። የእኛ ወይራ የዘይቱ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሳይንሱ አንድ ዝርያ ውስጥ ይመደባሉ። ፍሬው ግን ትንንሽ ነው፣ ሥጋም ብዙ የለውም። ስለዚህ እዚህ የማወራው ስለ ሜዲትራኒያኑ ወይራ ነው።

አመዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከምድጃው ሥር የሚጠረገው ነው። ሸካራ ነው፣ ጠጠር የሚመስል ጓል አለው፣ አንዳንዴም በደንብ ያልነደደ ጥቁር ከሰል ይታይበታል። ሌላው ከጭሱ ጋር ወጥቶ ማጣሪያ ላይ የሚያዘው ፍላይ አሽ ነው። እሱ ዱቄት ነው። ፖታሲየሙም ክሎራይዱም የሚበዛው በሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም በምድጃው ሙቀት ተንነው ከጭሱ ጋር ይወጡና ሲቀዘቅዙ ብናኙ ላይ ይጣበቃሉ። ሻጭ «የወይራ አመድ አለኝ» ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ የቱ ነው የሚል መሆን አለበት።

አመዱን በእጃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ቀልድ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍላይ አሽ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጡና አስር ደቂቃ አቆዩት። ከላይ የጠለለውን በጓንት ጣታችሁ ነክታችሁ ከአውራ ጣታችሁ ጋር አሹት። እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የፒኤች ወረቀት (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ) ብትነክሩበት ከ12 በላይ ሊያሳያችሁ ይችላል። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ ቅባቱን የሚያለቅቀው ይህ ጠባይ ነው። ሌላም ምልክት አለ። ከረጢቱን ከፍታችሁ ብታሳድሩት አመዱ ከአየር እርጥበት ስቦ ጓል ይሠራል። ፖታሲየም ካርቦኔት እንዲህ ነው፤ ውሃ ይወዳል።

በላብራቶሪ ሲለካ ፖታሲየም ኦክሳይዱ ብዙ ጊዜ የአመዱን ክብደት ሩብ ያህል ይሆናል፤ በፍላይ አሽ ከዚያም ይበልጣል። ቀጥሎ ካልሲየም አለ። አሸዋና ሸክላ ውስጥ የሚበዙት ሲሊካና አሉሚና ግን አነስተኛ ናቸው። ይህችን በቃላችሁ ያዟት፣ የሚቀጥለው ሁሉ ከእሷ ይመነጫል።

ሲሚንቶን መተካት፦ ሁሉም የሚሮጥበት፣ እኔ የማልመክረው

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሲሚንቶ የዓለምን የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ገደማ ይይዛል። የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ ይጋገራል፤ ከልቀቱ ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከማገዶው ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ነው። ስለዚህ ከሲሚንቶው አሥር በመቶውን ቀንሶ በአመድ መተካት ከተቻለ ትልቅ ነገር ነው። የድንጋይ ከሰል ፍላይ አሽ ይህን ሥራ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። የሩዝ ገለፈት አመድም ይችላል። ሁለቱ የሚችሉት ግን ሲሊካ ስላላቸው ነው። ሲሊካው ሲሚንቶ ሲረጥብ ከሚፈጠረው ኖራ ጋር ይጋባና ተጨማሪ ማጣበቂያ ይሆናል። የወይራ አመድ የሚያጋባው ሲሊካ የለውም ማለት ይቻላል።

ፖታሲየሙ ደግሞ ባዶ እጁን አይቀመጥም። እስቲ እናስላ። በአንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት 350 ኪሎ ሲሚንቶ አለ እንበል። አሥር በመቶውን፣ ማለትም 35 ኪሎውን፣ 30 በመቶ ፖታሲየም ኦክሳይድ ባለው አመድ ተካችሁት። 10.5 ኪሎ ፖታሲየም ኦክሳይድ አስገባችሁ ማለት ነው። መሐንዲሶች አልካሊን (ፖታሲየምና ሶዲየምን አንድ ላይ) በሶዲየም ኦክሳይድ ልክ ስለሚቆጥሩ በ0.658 ሲባዛ ወደ 6.9 ኪሎ ይመጣል። ጠጠሩ ያጠራጥራል በሚባልበት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ጠቅላላ አልካሊ 3 ኪሎ አካባቢ ነው። ከአመዱ ብቻ ከእጥፍ በላይ አለፋችሁ። ሲሚንቶው ራሱ ያለው አልካሊ ገና አልተቆጠረም። ከአመዱ ፖታሲየም ሁሉም ይሟሟል ማለት አይደለም፣ ግን ግማሹ ቢሟሟ እንኳ በቂ ችግር ነው።

ችግሩ ቶሎ አይታይም፣ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። አልካሊው ከአንዳንድ የጠጠር ዓይነቶች ሲሊካ ጋር ቀስ ብሎ ይሠራል። ልጋግ የሚመስል ነገር ይፈጠራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱ ላይ የካርታ መስመር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። በ28 ቀን የተደረገ የጥንካሬ ምርመራ ይህን አያሳይም። በዚያ ላይ ፍላይ አሹ የያዘው ክሎራይድ ፌሮ ያዝጋል።

የአውሮፓ ደንብም በሩን ዘግቶታል። ኢኤን 450 የተባለው የኮንክሪት ፍላይ አሽ መለኪያ ሲሊካ፣ አሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ተደምረው ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ አልካሊው ከ5 በመቶ እንዳያልፍም ይላል። የወይራ ቅርፊት ከድንጋይ ከሰል ጋር በተወሰነ መጠን ተቀላቅሎ ከነደደ አመዱ ሊያልፍ ይችላል። ብቻውን የነደደ የወይራ አመድ ግን አያልፍም። የቤት ምሰሶ፣ ወለል ወይም አርማታ ለምትሠሩ መልሴ አጭር ነው፦ አትግቡበት።

ፊለር (ቀዳዳ መሙያ ዱቄት) ማድረግ፦ በልኩ

ሲሚንቶውን ሳትነኩ አመዱን የደቃቁን ዱቄት ቦታ ማስያዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳይጠቀጠቅ በራሱ ፈስሶ ቅርጹን የሚሞላ ኮንክሪት አለ። እንዲያ እንዲፈስ ብዙ ደቃቅ ዱቄት ይፈልጋል፤ በተለመደው አሠራር የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመርበታል። የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ሥራ ያንን ዱቄት በወይራ ማገዶ ፍላይ አሽ ተክተው ሞክረዋል፤ ኮንክሪቱም ሠርቷል። እዚህ አመዱ ማጣበቂያ ሁን አልተባለም። ቀዳዳ ሙላ ነው የተባለው።

ያም ሆኖ ፖታሲየሙ እዚያው ድብልቁ ውስጥ ነው። እኔ ብሆን ፌሮ ለሌለው፣ ደረቅ ቦታ ለሚቀመጥ፣ ጠጠሩ ተመርምሮ ለታወቀ ሥራ ብቻ እጠቀምበታለሁ። የውስጥ ግድግዳ ብሎኬት ጥሩ ምሳሌ ነው። አመዱ ውሃ ስለሚመጥ ድብልቁ ቶሎ ሊደርቅባችሁ እንደሚችልም አስቡ።

ጡብ፦ ልቤ ያለበት

ከሃኤን ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ባይለን የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። ባይለን የሸክላና የጡብ ከተማ ናት። ወይራውም ጡቡም አንድ አውራጃ ውስጥ ናቸው። የሃኤን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከምድጃ ሥር የሚጠረገውን አመድ ከሸክላ አፈር ጋር እየቀላቀሉ ጡብ መተኮሳቸው አያስገርምም።

ሲሚንቶ ውስጥ ጠላት የነበረው ፖታሲየም እዚህ ወዳጅ ይሆናል። 900 ዲግሪ አካባቢ ላይ ፖታሲየም የሸክላውን ማቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። ጡብ ውስጥ ቀጭን የብርጭቆ ሽፋን ይፈጠርና የአፈሩን ቅንጣቶች እርስ በርስ ይይዛል። አብዛኛው ፖታሲየም እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ ወጥቶ ሰው አያስቸግርም። ካልሲየም ካርቦኔቱ ደግሞ ሲጋገር ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ትቶ ይሄዳል። ቀዳዳ ያለው ጡብ ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ አያሳልፍም። ሃኤን ለምትገኝበት፣ በበጋ 40 ዲግሪ ለሚያልፈው ለአንዳሉሲያ ክልል ይህ ተራ ጥቅም አይደለም።

ልክ ግን አለው። ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን ነገሩ ያምራል። ከዚያ ካለፈ ቀዳዳው ይበዛል፣ ጡቡ ውሃ ይጠጣል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ሁለት ነገሮችንም ጠብቁ።

አንደኛው ጓል ነው። በደንብ ያልተፈጨ አመድ ውስጥ የካልሲየም እንክብል ካለ ሲተኮስ ውሃ ያልነካው ኖራ ይሆናል። ጡቡ ከምድጃ ወጥቶ እርጥበት ሲያገኝ ያ ኖራ ያብጥና የጡቡን ፊት ይፈነቅለዋል። ስለዚህ አመዱ ይፈጭ፣ ይነፋ።

ሁለተኛው ጨው ነው። ያልታሰረ ጨው ካለ ግድግዳው ከዝናብ በኋላ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ቤት መፈተሽ ትችላላችሁ። ጥልቀት የሌለው ሳህን ውስጥ ሁለት ጣት ያህል የተጣራ ውሃ አድርጉ፣ አሲድ የሌለው የባትሪ ውሃ ይሆናል። ሁለት ጡብ በቁመታቸው አቁሙበት። በ7 ቀን ውስጥ ውሃው በጡቡ እየወጣ ከላይ ይተናል፣ ጨው ካለ ይዞት ይወጣል። ከዚያ አውጥታችሁ አድርቋቸውና ውሃ ካልነካው ሦስተኛ ጡብ ጎን አስቀምጧቸው። በጠርዛቸው ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ መስመር ካያችሁ ሻጩን ስለ አመዱ መጠን ጠይቁት።

ጡብ የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አመዱን ለመቀበል አዲስ ፋብሪካ አያስፈልግም። ያው አፈር፣ ያው መቀላቀያ፣ ያው ምድጃ ነው። ስህተት ቢኖርም ጡቡ ከምድጃ በወጣ ሰሞን ይታያል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አይደለም።

ያለ ሲሚንቶ ማጣበቅ፦ ብልህ ነው፣ መንገዱ ግን ሩቅ

ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣ ስላግ የሚባል ዝቃጭ አለ። ተፈጭቶ ጠንከር ያለ አልካሊ ሲያገኝ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ችግሩ አልካሊው ከኬሚካል ፋብሪካ የሚገዛ፣ ውድና ልቀት ያለው መሆኑ ነው። የቫለንሲያ ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች በዚያ ኬሚካል ፋንታ የወይራ ዘር አመድ አስገቡ። ሠራም። አመዱ ውስጥ ያለው ኖራና ፖታሲየም ካርቦኔት ውሃ ሲያገኙ እርስ በርስ ይሠሩና ኃይለኛ አልካሊ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ያወጣሉ። የጥንት ሳሙና ሠሪዎች ያውቁት የነበረ ብልሃት ነው። ከዚህ ጽሑፍ አማራጮች ሁሉ ፖታሲየሙን በስሙ ጠርቶ ሥራ የሚሰጠው ይህኛው ነው። ሲሚንቶ ጭራሽ አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግኩትም? ስላግ የሚወጣባቸው የስፔን ትልልቅ የብረት ማቅለጫዎች ሰሜን ጫፍ ላይ፣ አስቱሪያስ ውስጥ ናቸው። ከሃኤን 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከባድ መኪናው ናፍጣ የቆጠባችሁትን ካርቦን ከፊሉን ይበላዋል። አመዱም ከወር ወር ይለያያል፤ የፖታሲየሙ መጠን ሲዋዥቅ ድብልቁም አብሮ ይዋዥቃል። ዘሩ ሲነድ ደግሞ የሚተርፈው አመድ ከክብደቱ 1 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ትንሽ አመድ ለመሰብሰብ ብዙ ዘር መንደድ አለበት። ስላግ በቅርብ ያለው፣ እያንዳንዱን ጭነት የሚለካ ላብራቶሪ ያለው ሰው ግን ይሞክረው። እሱን አላግደውም።

መንገድ ሥር

የሃኤንና የጎረቤቷ የኮርዶባ ምድር ብዙ ቦታ ሸክላ ያለበት ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእኛን መረሬ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ያለ አፈር በኖራ ይገራል። የወይራ አመድ ካልሲየምና ከፍተኛ ፒኤች ስላለው የኖራውን ከፊል ሥራ ሊሠራ ይችላል። የኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የምድጃ ሥር አመድን ለመንገድ ሙሌት ሞክረዋል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ መጠን የሚውጠው ይህ አማራጭ ነው። ሸካራው አመድም ሳይፈጭ ገረጋንቲው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያልነደደ ከሰል ምን ያህል አለው? ከሰሉ ከበዛ ሙሌቱ ቀላልና ደካማ ይሆናል። ውሃውስ ወዴት ይወርዳል? የሚሟሟው ፖታሲየም፣ ክሎራይድና ሰልፌት ከዝናቡ ጋር ይሄዳል። የሰው የመጠጥ ጉድጓድ ባለበት አካባቢ፣ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ፣ እኔ አላስቀምጠውም። ከላይ አስፋልት ለብሶ፣ ከታች ከውሃው ርቆ ከሆነ ይሁን።

ስትገዙ የምትጠይቁት

ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የፖታሲየም ኦክሳይድ፣ የክሎራይድና የሰልፌት መጠን፣ ሲቃጠል የሚጠፋው ክብደት፣ ምርመራው የተደረገበት ቀንም መኖር አለበት። «ከባዮማስ የተገኘ አመድ» ብሎ የሚያልፍ ወረቀት ምንም አይነግራችሁም፤ የእንጨት፣ የገለባና የወይራ አመድ በጠባይ አይገናኙም። ማገዶው ብቻውን ነደደ ወይስ ተደባልቆ የሚለውንም አትርሱ። አመዱ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲመታው ከከረመ ፖታሲየሙ ከፊሉ ታጥቦ ሄዷል ማለት ነው። ለጡብ ይህ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል፣ ለስላጉ ሥራ ግን አመዱ ሞቷል።

ፖታሲየሙ በጣም ከፍ ያለ ንጹሕ አመድ ካጋጠማችሁ ደግሞ ግንባታውን ተዉትና የወይራ ገበሬውን አነጋግሩት። ዛፉ በየዓመቱ ከአፈሩ የሚወስደው ፖታሲየም ነው ተመልሶ የሚገባለት። ዳሎል ላይ ቆፍረን ልናወጣ የምንመኘው ፖታሽም (ፖታሲየም ያለበት ጨው) ለዚሁ ለማዳበሪያ ሥራ ነው የሚፈለገው። ከባድ ብረት አለመኖሩ ግን መለካት አለበት።

እስራኤል ውስጥ ገሊላ አካባቢ የምትኖሩ በጥቅምትና በኅዳር የወይራ መጭመቂያዎች ሲሠሩ አይታችሁ ይሆናል። የእነሱ አተላም ሲነድ ያው ፖታሲየም ያለበት አመድ ነው የሚተወው፤ ከላይ ያልኩት ለእነሱም ይሠራል።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ ደግሞ የወይራ ዘይት ፋብሪካ የለንም ብላችሁ አትለፉት። የቡና ገለፈት አለን። የቡና ገለፈት አመድም እንደ ወይራው ፖታሲየም የሚበዛበት ነው። ስለዚህ ጂማ ወይም ሲዳማ ላይ ገለፈት አንድዶ አመዱን ሲሚንቶ ላይ ልጨምር ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ ለሃኤኑ ሰው የሰጠሁት ነው፤ ጡብ ተኳሽ ፈልግ። ከወንጂና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣው የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድ ግን ሌላ ነው። እሱ ሲሊካ የሚበዛበት ስለሆነ በደንብ ከነደደና ከተፈጨ ለሲሚንቶው ይቀርባል። የትኛው በእጃችሁ እንዳለ ካልለየላችሁ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ጓንታችሁን አጥልቃችሁ አሹት።